የታይምሼር ነጥቦቼን እንዴት ሸጥኩ

የታይምሼር (ሪዞርትን ከሌሎች ባለቤቶች ጋር እየተጋሩ የማረፍ መብት) ነጥቦቻችንን ለመሸጥ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። አራቱ ወር የባከነው ከተሳሳተ ጥያቄ ስለተነሳሁ ነው። "በስንት ነበር የገዛነው?" እያልኩ ዋጋ እቆርጥ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ "ከእኔ ለሚገዛው ሰው ምን ምን ይተላለፍለታል?" ብዬ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ ለዕረፍት ሄደን አንድ ሪዞርት ውስጥ የሁለት ሰዓት ገለጻ ሰማን። ስንወጣ 200 ነጥብ ገዝተናል። አንዱ ነጥብ 130 ዶላር፣ በድምሩ 26,000 ዶላር። ነጥቦቹ በየዓመቱ ይታደሳሉ፤ በእነሱ ክፍል እየያዙ ማረፍ ነው። ሻጩ "እንደ ቤት ቁጠሩት፤ ስትፈልጉ ትሸጡታላችሁ" አለን። መሸጡስ ይሸጣል። ገዢው እኛ ያገኘነውን ሁሉ እንደማያገኝ ግን አላነሳም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ልጆቹ አደጉ። ዓመታዊው የጥገና ክፍያ በየጃንዋሪው ከፍ እያለ 1,480 ዶላር ደረሰ። ባለቤቴ "እንሽጠውና እንረፍ" ሲለኝ አላንገራገርኩም። ነጥቡን በ110 ዶላር ብዬ ማስታወቂያ አወጣሁ። በአራት ወር ውስጥ የምር የጠየቀኝ ሰው የለም። የደወለልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ "ገዢ ተዘጋጅቷል፤ ለሰነድ ማስጨረሻ 1,900 ዶላር አስቀድመው ይላኩ" አለኝ። ልልክ ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ "ገዢው ካለ ከሽያጩ ላይ ለምን አይቆርጠውም?" ብሎ አስቆመኝ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሽያጭ በፊት ገንዘብ ከሚጠይቁ የታይምሼር ሻጭ ነን ባዮች ተጠንቀቁ እያለ እንደሚያስጠነቅቅ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ፈቃድ ያላት ደላላ አገኘሁ። ኮሚሽኗ 10 በመቶ፣ የሚከፈላትም ሽያጩ ሲያልቅ ብቻ። ዋጋ ሳትጠቅስ በፊት "ኩባንያው የላከልዎትን ደብዳቤ ሁሉ ያውጡና እያነበቡ ይንገሩኝ" አለችኝ።

ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፋይሉን ዘረገፍኩት። ከውሉ ሥር ያልተከፈተ ፖስታ ነበር። ከገዛን ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ያን ጊዜ "ነባር ባለቤቶችን አይመለከትም" የሚል ነገር ሰምተን ሳንከፍት አስቀምጠነዋል። በቢጫ ማርከር እያሰመርኩ አነበብኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ነጥብ ከኩባንያው ሳይሆን ከሌላ ባለቤት የሚገዛ ሰው ክፍል መያዝ የሚችለው ነጥቡ በተመዘገበበት ሪዞርት ብቻ ነው። አዲስ የሚከፈቱት ሪዞርቶች ተዘግተውበታል። ነጥቡን በሆቴል ወይም በመርከብ ጉዞ መለወጥም አይችልም። ለኩባንያው ይህን ሥልጣን የሰጠው ደግሞ እኛው የፈረምነው ውል ነው፦ ደንቡን ኩባንያው ማሻሻል ይችላል ይላል።

"እርስዎ የሚሸጡት የገዙትን ነገር አይደለም፤ ከዚያ የቀረውን ነው" አለችኝ ደላላዋ።

እውነት ነው፣ ደብዳቤው እኛን አልነካንም። የነካው የንብረታችንን ዋጋ ነው። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

እንዲህ ያለ ደንብ እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። በደንብ የሚታወቀው የዲዝኒ ኩባንያ ታይምሼር፣ የዲዝኒ ቫኬሽን ክለብ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 19፣ 2019 ጀምሮ የቀደሙትን 14 ሪዞርቶች ነጥብ ከሌላ ባለቤት የገዛ ሰው ሪቪዬራ በተባለው ሪዞርትና ከእሱ በኋላ በመጡት ሪዞርቶች አይጠቀምበትም። የሪቪዬራን ነጥብ ከሰው የገዛ ደግሞ ከሪቪዬራ ውጭ መውጣት አይችልም። የሪቪዬራ ውል እስከ 2070 ይዘልቃል፤ ከቀደሙት አንዳንዶቹ በ2042 ያበቃሉ። ስለዚህ ገዢ የቀረውን ዘመን ብቻ ቆጥሮ አይወስንም። ነጥቡ የት የት እንደሚሠራም ያያል።

ሁለተኛው ጣጣ ከራሳችን የመጣ ነው። ባለፈው በጋ ለረጅም ጉዞ ብለን ከሚቀጥለው ዓመት 120 ነጥብ ተበድረን ነበር። ገዢው ሲረከብ የሚያገኘው 80 ነጥብ ብቻ ነው፤ የሚከፍለው የጥገና ክፍያ ግን የ200 ነው። በማስታወቂያው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አደረግሁ። የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ግማሹን እኛ እንደምንችልም ጨመርን። የአንዱን ነጥብ ዋጋ ወደ 52 ዶላር አወረድኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት 48 አለች። የምትፈልገው ያንኑ አንድ ሪዞርት ነው፤ በየዓመቱ እዚያ ትሄዳለች። እገዳው ለእሷ ምንም አላጎደለባትም። እንደዚህ ዓይነት ገዢ ነው መፈለግ የነበረብኝ፤ አራት ወር ሙሉ ሁሉንም ሪዞርት መዞር ለሚፈልግ ሰው ስጽፍ ነበር።

ከተፈራረምን በኋላ 30 ቀን ጠበቅን። ኩባንያው የቀዳሚነት መብት አለው፤ በተስማማንበት ዋጋ ራሱ ልግዛው ካለ እኛ ያንኑ ገንዘብ እናገኛለን፣ ገዢዋ ግን ባዶ እጇን ትቀራለች። ዋጋ በጣም ዝቅ ሲል ኩባንያው ሊወስደው ይችላል ብላ ደላላዋ አስጠንቅቃን ነበር። አልወሰደውም። ቀጥሎ ስንት ነጥብ እንዳለንና ዕዳ እንደሌለብን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከኩባንያው መጣ፣ ስም ዞረ። የማስተላለፊያውን ወጪ ገዢዋ ቻለች።

ከ9,600 ዶላር ላይ ኮሚሽኑ 960፣ የክፍያው ግማሽ 740 ወጣ። እጃችን የገባው 7,900 ዶላር ነው። ኪሳራውንም ከግብር አስቀንሳለሁ ብዬ ነበር፤ ለግል መዝናኛ የተያዘ ታይምሼር ላይ ያ አይፈቀድም።

አሁን ዘመድ ጓደኛ ገለጻ ላይ ተቀምጬ ፈረምኩ ብሎ ሲደውልልኝ ቀኑን ነው መጀመሪያ የምጠይቀው። በፍሎሪዳ ሕግ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስታውቆ መሰረዝ ይቻላል። በካሊፎርኒያ 7 ቀን ነው፣ በኔቫዳ 5። ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኦርላንዶ በፈረመች በስምንተኛው ቀን ደወለችልኝ። ያኔውኑ አብረን ፖስታ ቤት ሄድን፤ ደብዳቤውን በአደራ ላክነው፣ ደረሰኙንም በስልኳ ፎቶ አነሳችው።