በመኪና መግቢያ ዳር ባለ ቀለም ጥዶች፦ የርቀት ስህተትን መቀስ አያስተካክለውም

ሜሪላንድ ያለው ቤታችን ከመንገድ እስከ ጋራዥ የሚደርሰው መኪና መግቢያ 18 ሜትር ይረዝማል። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አይለየውም። ዳሩን ይዞ የነበረውን ሣር በ3 ሜትር ስፋት አንስቼ ወርቃማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጥዶች ተከልኩበት። በጥር ብርድ ሌላው ግቢ ሁሉ ሲራቆት እዚያ ቀለም አለ።

ጥድ ግን እንደ ጽጌረዳ አይደለም። ጽጌረዳ እስከ ጉቶው ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። አብዛኛው የጥድ ዘር ከአረንጓዴው አልፎ ቡናማው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ እዚያ ቦታ ላይ ዳግም ቅጠል አያወጣም፤ ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ሥራ አካፋ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የሜትር ሥራ ነው።

ችግኝ መሸጫ ውስጥ ማሰሮው ላይ የሚለጠፈው ቁመትና ስፋት አብዛኛውን ጊዜ የ10 ዓመት መጠን ነው። ዛፉ በ11ኛው ዓመት ማደጉን አያቆምም። የአሜሪካ ኮኒፈር (የጥድ ዘር ዛፎች) ማኅበር የሚመድባቸው በዓመት በሚጨምሩት ነው፦ ድዋርፍ (ድንክ) የሚባለው ከ2.5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ኢንተርሚዲየት (መካከለኛ) የሚባለው ከ15 እስከ 30። በዓመት 15 የሚጨምር “ድንክ” በ20 ዓመቱ 3 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ ናሽናል አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ ዊልያም ጎቴሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያበረከተው የድንክ ጥዶች ስብስብ አለ፣ መግቢያውም ነፃ ነው። በወረቀት “ትንሽ” የተባለው እዚያ ከሰው ቁመት አልፎ ይታያል። ዝርዝሬን ያወጣሁት እዚያ ሜትር ይዤ ዞሬ ነው፤ ማንም ሰው ሳይገዛ በፊት እንዲሄድ እመክራለሁ።

ስሌቴ ይህ ነው፦ የ10 ዓመት ስፋቱን ለሁለት አካፍዬ 60 ሴንቲ ሜትር እጨምርበታለሁ፤ የመኪና በር በሚከፈትበት በኩል ደግሞ 90። ጎልድ ሞፕ የሚባለው ወርቃማ ጥድ 1 ሜትር ተኩል ይሰፋል። ግማሹ 75፣ በዚያ ላይ 60፤ ግንዱ ከአስፋልቱ 1 ሜትር ከ35 መራቅ አለበት። ሲተከል ችግኙ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ የተረሳ ይመስላል። እጅን የሚያሳስተውም ይህ ባዶነት ነው። አንዱን 70 ላይ ተክዬው በአራተኛው ዓመት የመኪና በር እየመታው አስቸገረ፤ በኦክቶበር ከነአፈሩ ነቅዬ አዛወርኩት። ባዶው ዓይን ካስቸገረ በየዓመቱ የሚዘሩ አበቦች ይሙሉት፣ ችግኝ ግን አይጨመርበት።

የገዛሁት 17 ነው። ከኋላ ሦስት ብሉ አሮው፤ ቀጥ ያለ፣ ከ60 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይሰፋ ሰማያዊ። (ከሀበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሲቆረጥ ሽታው ራሱ ዘመድነቱን ይናገራል።) ከፊት አራት ጎልድ ሞፕ፣ ሦስት ግሎቦሳ ናና የሚባለው አረንጓዴ ክሪፕቶሜሪያ፣ አራት ሰማያዊ ብሉ ስታርና ሦስት ካርስተንስ ዊንተርጎልድ። የእነዚህ የ10 ዓመት ስፋት ሲደመር 16 ሜትር ከ40 ይመጣል፤ የቀረው አንድ ሜትር ተኩል ያህል በመንገዱ ጫፍ ለበረዶ ክምር ተተወ። ዊንተርጎልድ በሙቀቱ ወራት ተራ አረንጓዴ ነው፣ ብርዱ ሲጠና ወርቅ ይሆናል፤ ከሳሎን መስኮት ፊት ለፊት አደረግኩት። ዓመቱን ሙሉ ወርቃማ የሚሆነው ከሩብ ባይበልጥ ይሻላል፤ ሲበዛ ሰማያዊውን ያደበዝዘዋል።

ሆን ብዬ የተውኩት ሁለት አለ። ኮሎራዶ ብሉ ስፕሩስ በዚህ አካባቢ እርጥብ ሙቀት በፈንገስ ከታች ጀምሮ መርፌ መሳይ ቅጠሉ ይረግፋል። ሾጣጣው ድንክ አልበርታ ስፕሩስ ደግሞ አስፋልት ሙቀት በሚመልስበት ቦታ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ይጨርሰዋል። ይህ ዛፍ ያላችሁ ሰዎች ቅርንጫፉን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጉት፤ የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ከታዩ እሱ ነው፤ በውሃ ጎማ ጠንከር አድርጎ ማጠብ ይረዳል።

ከመቆፈር ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ 811 መደወል ግድ ነው፤ የጋዝና የመብራት መስመር በነፃ ምልክት ያደርጉላችኋል። አፈራችን ቀይ ሸክላ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውሃ ሞልቼ፣ ሲሰርግ እንደገና ሞልቼ ለካሁ፤ በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ጥድ ሥሩ ይበሰብሳል። የእኔ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለወረደ መደቡን በ25 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግኩት። ጉድጓዱ የሥሩን ጥቅል ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ከቁመቱ ግን አይጥለቅ፤ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብቅ ይበል። ማሰሮ ውስጥ ክብ የዞረውን ሥር በቢላ መሰንጠቅ አትፍሩ፤ ካልተሰነጠቀ እንደዞረ ያድጋል። አፈሩን የሚሸፍነው ጉዝጓዝ 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ግንዱን ሳይነካ።

ብሉ ስታርን በጣት ብታሹት ሰማያዊው ተነስቶ ከሥሩ አረንጓዴ ይወጣል። ቀለሙ መርፌው ላይ ያለ ሰም ነው። ለተባይ ተብሎ የሚረጨው ዘይት ሰሙን ያጥበዋል፤ በሰማያዊዎቹ ላይ አትርጩ፣ አዲስ ቅጠል እስኪመጣ አይመለስም።

በብርዱ ወራት የደረቀ መርፌ ለብሶ የተንጠለጠለ ከረጢት ከታየ ፍሬ አይደለም፤ ባግዎርም የሚባል አባጨጓሬ ቤት ነው። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ስላለ ከሜይ በፊት በእጅ ለቅማችሁ ከግቢ አውጡት። በረዶ ሲጠረግም አካፋው ወደ ተውነው አንድ ሜትር ተኩል ይግፋ እንጂ ወደ ዛፎቹ አይሁን፤ አስፋልቱ ላይ የተበተነው ጨው አብሮ ይሄዳልና።