መቼ ጠየቅከኝ?

“ጠዋት ጠዋት ትንቃጨላለች” አለች ሲስተሯ። “ሦስት ሰከንድ፣ ቢበዛ አራት። ከዚያ ዝም ትላለች።”

ጥቁር አንበሳ የምትሠራ ነርስ ናት። መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ፣ ባለ 1.3፣ የሞተሩ ዓይነት ቱ-ኤንዜድ። እኛ ተክለሃይማኖት ከመምጣቷ በፊት አንድ ሌላ ጋራዥ ካንዴላ ቀይረውላታል። አልተወ ሲል የሞተሩን መቀመጫ ጎማ ቀየሩ። በመጨረሻ “ቤንዚኑ ነው” ብለው ሸኟት። ቤንዚን መቼም መጥቶ አልሠራሁም አይል!

ድምፁን በስልክ ቀድተሽ አምጪልኝ አልኳት። ቀድታ መጣች። ቤቷ ለካ ቤተክርስቲያን አጥር ሥር ነው። የሰማሁት ቅዳሴ ብቻ ነው።

እኔ በሆዴ ካቴናው ነው ብያለሁ፤ የሞተሩን የታችኛውን ዘንግ ከላይኛው ካምሻፍት ጋር የሚያያይዘው የብረት ሰንሰለት። ሞተር ብርድ ላይ ብቻ ጮሆ ሲሞቅ ከተወው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ቴንሽነሩ ካቴናውን የሚወጥረው በዘይት ግፊት ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ግፊቱ እስኪደርስ የላላው ካቴና ክዳኑን ይደበድባል። ስካነር ሰካሁ፤ አንድም የብልሽት ኮድ የለም። የጋራዡ ባለቤት ከኋላዬ ቆሞ “ካቴና እኮ ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚያልቀው የጎማው ቺንጋ ነው” አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሲስተሯም እንድትሰማ።

ነገሩ ቀላል ነበር። መኪናዋ እኛ ጋ ትደር፣ ጠዋት ቀዝቃዛዋን አስነስተን እንስማ።

በማግስቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ረዳቴን አስነሳት አልኩት። ረጅሙን ካቻቢቴ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ ደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሄደው። ደወልኩላትና ጤነኛ ናት፣ ነይ ውሰጃት አልኳት። አለቃዬ ምንም አልተናገረም። ፈገግ ብቻ አለ። ፈገግታውን እስካሁን አልረሳሁትም።

በሁለተኛው ቀን ተመለሰች። “ዛሬም ያው ነች። እናንተን ነው እንዴ የምታፍረው?” አለችኝ። እንደገና አደረች። ጠዋት እንደገና ዝም። ረዳቴ ሞተሩን አጠፋ። እኔም እንዲያው የምይዘው ሳጣ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ጨበጥኩ። ለብ ብሏል።

የእኛ ሞተር የሠራው አንድ ደቂቃ አይሞላም። በአንድ ደቂቃ ያ ቱቦ ለብ አይልም።

ዘበኛችንን ጠራኋቸው። በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በድሮው ጦር ኡራል ነድተዋል።

“አባባ፣ መኪኖቹን ጠዋት ማነው የሚያንቀሳቅሳቸው?”

“እኔ ነኛ። በሩ እንዳይዘጋ 12 ሰዓት ላይ ግድግዳውን አስይዛቸዋለሁ።”

“እየገፉ?”

“ምን ሲባል! ቁልፉ ተሰቅሎ የለ?”

“ይቺንም?”

“ይቺንም። አሙቄ ነው ደሞ! ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም። አሥር ደቂቃ ቆማ ትሠራለች።”

የጎማ ክምሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

“ስትነሳ ድምፅ ነበራት?”

“የቱ? ያ ሳንቲም እንዳለበት ጣሳ የሚንቃጨለው? እሱማ ሁሌ ነው። ካቴናዋ ነው መሰለኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“መቼ ጠየቅከኝ?”

ረዳቴ ሳቁን ሊደብቅ ኮፈኑ ሥር ገባ። መናደድ ፈልጌ ነበር፤ የምናደድበት ሰው አጣሁ። እኔ በካቻቢቴ የምፈልገውን ድምፅ ሰውዬው ሻይ ይዘው ይሰሙታል። ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስገባ መኪኖቹ ተደርድረው ነው የማገኛቸው። ማን እንደደረደራቸው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። መላእክት ናቸው ብዬ ይሆን?

በማግስቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ገና አልነጋም። እሳቸው መሪው ላይ፣ እኔ ኮፈኑ ሥር። ቁልፉን አዞሩት።

ክርርርር። ሦስት ሰከንድ። ዝም።

ሽማግሌው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አዩኝ። ምንም አላሉም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ስንፈታት የፊት ክዳኑ ውስጥ ዘይቱ ጠቁሮ ረግቷል። መንገድ የሚያስይዘውን የፕላስቲክ ጋይድ ካቴናው ሁለት ቦይ አውጥቶበታል። ቴንሽነሩ ምላሱን እስከ መጨረሻው ጎልጉሏል። አዲስ ካቴና ከነቴንሽነሩና ከነጋይዱ ከሶማሌ ተራ አመጣሁ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። አሮጌውንና አዲሱን ካቴና ጎን ለጎን ምስማር ላይ ሰቀልኳቸው። አሮጌው በአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይረዝማል። ብዙ ሰው “ተለጠጠ” ይላል። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። እያንዳንዱ ፒን ለዓይን የማይታይ ያህል ተበልቶ፣ ያ ሁሉ ተደምሮ ነው ጥፍር የሚያክለው።

አለቃዬ መጥቶ ምስማሩን አየ። “ጋይዱ ነው እንጂ ካቴና…” ብሎ ጀመረና ስልኩ ጠራ። አሁን አሁን ለደንበኛ “እኛ ካቴናን በጆሮ ነው የምንለየው” ሲል እሰማዋለሁ።

ምልክቱን ገጥሜ ስጨርስ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩ። የፑሊውና የካምሻፍቱ ምልክት ቦታው ተመለሰ። ይሄ ሞተር ካቴናው ከዘለለ ቫልቭና ፒስቶን የሚላተሙበት ነው፤ ሳላዞር ቁልፍ አላስነካም። ሲስተሯ ልትወስዳት ስትመጣ ዘይት መቼ እንደቀየረች ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየች።

“እኔ እኮ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ውሰዱ ስል ነው የምውለው” አለች።

ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ ስካነሩን ከመሰካቴ በፊት አባባን እጠይቃለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት አሮጌ ኮሮላ እያጉረመረመች ገባች። ቃሌን ጠብቄ ሄድኩላቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰሙ። “አለቀለት። ካቴናው ነው፤ ፍታው” አሉ።

የኮሮላዋ ሞተር ቱ-ኢ ነው። የቺንጋ ሞተር ነው፤ ካቴና የለውም። ያለቀው የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነበር።

ስነግራቸው ተቆጡ። “ታዲያ ቺንጋ መሆኗን ለምን አልነገርከኝም?”

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩትና የሻያቸውን ከፈልኩ።