ክበብ ከመመዝገብ በፊት

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የተመደበው የእህቴ ልጅ የትኛው ክበብ እንደሚሻለው ሲጠይቀኝ፣ ስለ ክበቦቹ ከማውራቴ አስቀድሜ ስለ ጊዜው ጠየቅሁት። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የትምህርት ክፍል ድልድሉ በአብዛኛው በውጤቱ ስለሚወሰን፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ለሦስትና ለአራት ክበብ የሚያከፋፍል ልጅ ኋላ ያልፈለገው ዲፓርትመንት ሊደርሰው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱና ለማለፍም 50 በመቶ ማምጣት ስላለባቸው፣ የመጨረሻው ዓመትም ለአዲስ ኃላፊነት አይመችም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መታዘብ፣ ከዚያ በኋላ አንዱን አጥብቆ መያዝ ይበቃል ባይ ነኝ።

መታዘብ ስል የምዝገባውን ቀን ማለቴ አይደለም። ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ ስም ሲጻፍ የማያምር ክበብ የለም። የሚሻለው የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና (ሚድ) ሲቃረብና የተሰብሳቢው ቁጥር ሲሳሳ ከተራ ስብሰባቸው ገብቶ ከኋላ መቀመጥ ነው። ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነባል ወይስ ሁሉም ነገር በአፍ ነው? ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን ያሳያል ወይስ «ብሩ አለ፣ አታስቡ» ብሎ ያልፋል? ሥራው ለአዳዲሶቹም ይከፋፈላል ወይስ ሁለት ሦስት ነባሮች ጠቅልለው ይዘውታል? አዲስ ገቢ የሚያጨበጭብ እንጂ የሚሠራ በማይሆንበት ቤት ዓመት ቢቀመጡ ትርፉ ቲሸርት ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፍ የሚያደላ ልጅ ጎጃም መማሩ ዕድል ነው። አገሩ በቅኔ ትምህርታቸው የታወቁት ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት በመሆኑ፣ ከቅኔ ቤት አልፎ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጣ ተማሪ በክበቡ ውስጥ ቢገኝ አያስደንቅም። እንዲህ ያለው ልጅ ቅኔውን በመምህሩ ፊት በቃሉ እየዘረፈ፣ እዚያው እየታረመ ያደገ ስለሆነ፣ ግጥሙን አንብቦ ጭብጨባ ብቻ የሚጠብቀውን ሰው አይምረውም፤ «ሁለተኛው ስንኝ ቤት አልመታም»፣ «ሰሙ ወርቁን ውጦታል» ይለዋል። በእኔ ሚዛን እንዲህ የሚተራረሙ አሥር ሰዎች ያሉበት ክበብ አዳራሽ ሞልቶ ከሚያጨበጭበው ይበልጣል።

በጎ ሥራ ለመሥራት ግን ሁልጊዜ አባል መሆን አያስፈልግም። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ስለሚችል፣ ደም ባንክ ወደ ግቢ ሲመጣ ተሰልፎ መስጠት ብቻ ይበቃዋል። ቀይ መስቀል ክበብ መግባት የሚያሻው ለጋሾቹን ለሚያስተባብር ወይም የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታን፣ ለምሳሌ የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማሰርን፣ በእጁ ለመልመድ ለሚፈልግ ነው።

ባሕር ዳር የሚማር ከሆነ መንገዱንም ያስላ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በዘንዘልማው የሚያድር ተማሪ ማታ በፔዳው ግቢ የሚሰበሰብ ክበብ ቢይዝ ግማሹ ጉልበቱ ባጃጅና ታክሲ ፍለጋ ያልቃል። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች መንፈሳዊ ማኅበር የሆነውን ግቢ ጉባኤን ደግሞ ብዙዎቹ ከክበብ አይቆጥሩትም፤ ይሁንና የማታው መርሐ ግብርና የመዝሙር ጥናቱ ሰዓት ይወስዳልና ከሒሳቡ መግባት አለበት።

ስለ ሰርተፊኬት ብዙ ይወራል። ወረቀቱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ቀጣሪው «እዚያ ምን ሠራህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የክበቡን በጀት አዘጋጅቶ ያስጸደቀ ወይም ተናጋሪ ጋብዞ አዳራሽ ያስፈቀደ ልጅ የሚናገረው አለው፤ አምስት ሰርተፊኬት ያነባበረው ግን የክበቦቹን ስም ከመዘርዘር አያልፍም።

ለዓመቱ አንድም የሚስማማው ካጣ፣ ክረምቱ አለ። ቡሬም ሆነ ብቸና፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለታናናሾቹ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ማስጠናት ይችላል። ይህን ለማድረግ የቀበሌውን የወጣቶች አስተባባሪ ሰኔ ሳያልቅ ማነጋገርና የትምህርት ቤቱ ክፍል የሚከፈትበትን ሰዓት ማስወሰን ይጠይቃል።