ካንትሪ ወደ ጨረቃ

ሰሞኑን ማታ ማታ የምሰማው አንድ አልበም ብቻ ነው፤ የእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ የብራያን ኢኖ «አፖሎ»። ዘፋኝ የለውም። ከበሮው እንደሌለ ቁጠሩት። አብዛኛው ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚጠፋ የሲንተሳይዘር ድምፅ ነው። እናቴ መጀመሪያ የሰማችው ቀን ከማድ ቤት ብቅ ብላ «አንቺ ልጅ፣ ፍሪጁ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በኢርፎን ሆኗል።

ኢኖ ይህንን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ከወንድሙ ከሮጀርና ከካናዳዊው ዳንኤል ላንዋ ጋር። አል ራይነርት የሚባል ሰው ናሳ ካስቀመጣቸው የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ፊልሞች ዶክመንተሪ እያዘጋጀ ነበርና፣ ሙዚቃው ለዚያ ነው የታሰበው። ኢኖ በ1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ በቴሌቪዥን አይቶ ቅር ብሎት ነበር። ምስሉ ደብዛዛ፣ ጋዜጠኛው ለፍላፊ። እንዲህ ያለ ነገር እየታየ አፍ አይዘጋም! እኔም በቦታው ብሆን የምናደድ ይመስለኛል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አልበሙ ከግማሽ ካለፈ በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ጉም መሃል የካንትሪ ጊታር ይመጣል። ቀልድ አይደለም። ላንዋ ስቲል ጊታሩን እያንሸራተተ ይጫወታል፤ ኬኒ ሮጀርስ ከኋላ ሊገባ ነው ያስብላል። ምክንያቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። ጠፈርተኞቹ ካሴት ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ ኢኖ እንደሰማው ደግሞ ከያዙት አብዛኛው ካንትሪ ነበር። እስቲ አስቡት። እስከዚያ ድረስ ሰው ከምድር እንዲያ ርቆ አያውቅም ነበር። ዙሪያው ሁሉ ማሽን ነው። ጆሮው ግን እርሻና ፈረስ ጋ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ የሕዋ ሙዚቃ በሰማሁ ቁጥር ይህችን ናፍቆት መፈለግ ጀመርኩ። የሶቪየቱ የፊልም ዳይሬክተር የታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» ላይም አገኘኋት። ፊልሙ የ1972 ነው፣ ሙዚቃው የኤድዋርድ አርቴሚየቭ። የተጠቀመበት መሣሪያ ኤኤንኤስ ይባላል፤ ዬቭጌኒ ሙርዚን የተባለ የሶቪየት ኢንጂነር ነው የፈጠረው። ቁልፍ የሚነካበት ኪቦርድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ትልቅ መስታወት አለ፣ በማይደርቅ ጥቁር ቅባት የተለቀለቀ። ሙዚቀኛው ቅባቱን በሹል ነገር ይፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፣ ያ ብርሃን ወደ ድምፅ ይቀየራል። ከፍ አድርጎ የፋቀው ቀጭን ድምፅ ይሆናል፣ ዝቅ ያለው ወፍራም። ሰፋ አድርጎ ከፋቀ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ይጎርፋል። 720 ድምፆች ነበሩት። ስሕተት ሲኖር ቅባቱን መልሶ መለቅለቅ ነው። በጣት መነካካት የሚቻል ሙዚቃ ማለት ይኸው ነው፤ በሆነልኝና አንድ ቀን ሞክሬው!

ታዲያ በዚህ ሁሉ እንግዳ ድምፅ መሃል ፊልሙ ላይ ደጋግሞ የሚመጣው ምን መሰላችሁ? የጀርመናዊው አቀናባሪ የባህ የኦርጋን ዜማ። ዕድሜው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነ፣ የጸሎት ዜማ።

እዚህ ላይ ኃይሉ መርጊያ ትዝ አለኝ። ስለ ሕዋ አንድም ነገር አልሠራም፣ አውቃለሁ። ደግሞ እኛ ጋ ሲንተሳይዘር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሰርግ ኪቦርድ ነው። ግን «ሸሞንሟናዬ» የሚለውን አልበሙን ስሙት። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው ስቱዲዮ ገብቶ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አስቀምጦ፣ በላዩ ላይ የወጣትነቱን አኮርዲዮን ይጫወታል። የአገር ቤት ዜማ ነው፤ ማሽኑ ከሥር ይንሳፈፋል። ኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመዳል። እኔ በበኩሌ ከጠፈርተኞቹ ካሴት ለይቼ አላየውም።

ዩቲዩብ ላይ «የሕዋ ሙዚቃ» ተብለው የሚለጠፉት የአሥር ሰዓት ቪዲዮዎች ለምን እንደማይጥሙኝም አሁን ገባኝ። ድምፃቸው ያምራል። ፕላኔቷም ሥዕሉ ላይ ትዞራለች። ግን መንኩራኩሩ ውስጥ ሰው የለም፤ ቤቱ የናፈቀው ማንም የለም። ለእንቅልፍ ይሆናሉ፣ በቃ።

መሞከር የፈለገ ከአልበሙ መጀመሪያ አይጀምር፤ ይሰለቸዋል። «ዲፕ ብሉ ዴይ» ከሚለው ይጀምር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥራውን እየሠራ። ኢኖ ራሱ እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ ልብ ሳይሉትም መስማት መቻል አለበት ባይ ነው። ካልተመቸው ኬኒ ሮጀርስ አለለት።