ጳጉሜን 6

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኝ ነው የዋለው። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። እሑድ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፣ ፍራንክፈርት ደግሞ እሑድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ቡና አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ። ለጋሼ ቃል የገባሁላቸውን ሥራ ልጨርስ ብዬ።

ያው የሰፈራችን እድር መዝገብ ነው። ጋሼ ለዓመታት በኤክሴል ሲይዙት የኖሩት። እዚህ ያለነው የምንልከው መዋጮ ደግሞ በባንክ በኩል ነው የሚያልፈው። ሁለቱን ፋይሎች በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አንብቤ ሒሳባቸውን ማስታረቅ ነው የእኔ ድርሻ።

የባንኩ ቶሎ አለቀ። ጀርመኖች ሺህን በነጥብ ነው የሚለዩት፣ ሳንቲሙን በኮማ። 1.250,00 ማለት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዩሮ ነው። ለአዲስ አበባው የጋሼ ፋይል የጻፍኩት ኮድ ግን ኮማ ባየ ቁጥር ይሰርዛል። እዚያ ኮማ የሺህ መለያ ነዋ። በዚህኛው ላይ ሳስኬደው 1.250,00 የነበረው 1.25000 ሆነ። አንድ ዩሮ ከሃያ አምስት ሳንቲም! ስህተት አለ ብሎ የሚጮህ የለም። ሰው ለፍቶ ያዋጣው ገንዘብ በአንድ ኮማ እልም አለ። ሠንጠረዥ ለሚያነበው የፓይተን መሣሪያ፣ ለፓንዳስ፣ የሳንቲሙ መለያ ኮማ፣ የሺሁ መለያ ነጥብ መሆኑን ነገርኩት፣ ተስተካከለ።

ከዚያ ወደ ጋሼ ፋይል ዞርኩ።

ጋሼ ቀን የሚጽፉት እንደ ማንኛችንም ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ በኛ አቆጣጠር። ኮምፒውተራቸው ግን በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ነው፣ ወር ያስቀድማል። ጥቅምት 21 ለማለት 21/02/2011 ሲሉት ሃያ አንደኛ ወር ስለሌለ ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ግንቦት 5 ለማለት 05/09/2011 ሲሉት ግን ሜይ 9 ነው ብሎ ይወስደዋል። ዓምዱን ሳየው ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቷል። የግራው ጽሑፍ ሆኖ የቀረው ነው፣ የቀኙ ኤክሴል በራሱ ቋንቋ የተረጎመው።

ወደ ታች ስወርድ የእማማን ስም አገኘሁ። እድሩ ለቀብሯ ያወጣው ወጪ የተጻፈበት ረድፍ ነው። ኮዱ ያነበበው ቀን ጁን 13፣ 2011 ይላል።

እማማ ያረፈችው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ነው። ጋሼ በትክክል ጽፈውታል፣ 06/13/2011። ኤክሴል ግን አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። 13ቱን ቀን፣ 6ቱን ወር አደረገው። 2011ንም የፈረንጅ ዓመት አደረገው። እማማን ከስምንት ዓመት በላይ አስቀድሞ ቀበራት።

ጁን 13፣ 2011 በኛ ሰኔ 6 ቀን 2003 ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፣ ፈተና ላይ። እማማ በሰው እጅ በሶ ልካልኛለች። በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩን በነጭ ክር ደጋግማ ቋጥራ። ቋጠሮዋ በእጅ አይፈታም ነበር፣ በጥርሴ ነው የበጠስኩት። በዚያች ሰኔ እማማ ነበረች። ያቺን ረድፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አልነበረም። ጽሑፍ ሆኖ የቀረውን በእዝባሩ ከፋፈልኩት። ኤክሴል ቀን ያደረገውን ደግሞ ገለበጥኩት። እሱ ወር ያለው የጋሼ ቀን ነው፣ እሱ ቀን ያለው የጋሼ ወር ነው። አንድም የጠፋ ቀን የለም። ብቻ ፓይተን ቀን በሚይዝበት መልክ ላስገባው ስል፣ ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመቱን ለየብቻ በቁጥር አስቀመጥኩና አጠገቡ የፈረንጁን ጨመርኩ፣ ዓመቱን አስቀድሜ፣ 2019-09-11። እንዲህ ሲጻፍ የትም አገር ያለ ሰው አይሳሳትበትም።

ሥራው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን ያቺን 2019-09-11 እያየሁ ቀረሁ።

ጳጉሜን 6 የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ። እማማ ካረፈች ወዲህ አንዴ ብቻ መጥታለች፣ በ2015። የሚቀጥለው 2019 ነው። ስልኬ ላይ ሙት ዓመቷን ሴፕቴምበር 11 ብዬ መዝግቤዋለሁ። በሌሎቹ ዓመታት ግን ሴፕቴምበር 11 እንቁጣጣሽ ነው። ሰዉ ሁሉ እንኳን አደረሰህ ሲለኝ ስልኬ እማማን ያስታውሰኛል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ዶሮ ወጡ እየተወጠወጠ፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳለቅስ ነበር።

አገር ቤት እነእማዬ ጳጉሜን 5 ነው ሻማ የሚያበሩላት። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። ጳጉሜን 5 ማታ እኮ ደውዬላታለሁ። ለበዓሉ ጤፍ አስፈጭቻለሁ፣ ጠላውም ደርሷል፣ ምነው ቅርብ በሆንክ ብላኛለች። ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዚያ ቀን እንዴት ሞተች ልበል? መስከረም 1ን ደግሞ አላየችውም።

እማዬን ልጠይቃት ስልኩን አነሳሁ። አዲስ አበባ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ተኝታለች። መልሼ አስቀመጥኩት።

እማማ፣ ጳጉሜን 6 በሌለበት ዓመት መቼ ላስብሽ?