ከፊት የቆመችው ዜሮ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። አስጎብኚዎች የአሞራ ገደልን ዓሣ ገበያና የሌላውን ቦታ ሁሉ የፎቶ ሊንክ ያስገባሉ፤ ሰርቨራችን ሄዶ ፎቶውን ያመጣል። አደጋው አልጠፋኝም ነበር። አንድ ተንኮለኛ በፎቶ ፋንታ የውስጥ አድራሻ ቢሰጠን፣ የገዛ ሰርቨራችን የሆቴሉን የሒሳብ ኮምፒውተር በር ያንኳኳለታል። ስለዚህ ማጣሪያ ጻፍኩ፤ ለውስጥ መረብ የተመደቡት የኮምፒውተር አድራሻ ቁጥሮች፣ በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ 192.168 እና 127 ሁሉ ታገዱ። አድራሻውን የሚያነብልኝ ከፓይተን (ፕሮግራሙን ከጻፍኩበት ቋንቋ) ጋር አብሮ የሚመጣ ሞጁል፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ክፍል፣ ነበር።

አብራኝ የምትሠራው ተለማማጅ ፍተሻውን ስታዘጋጅ፣ አድራሻዎቹ በሰንጠረዡ ላይ እኩል እንዲሰለፉላት እያንዳንዱን ቁጥር በዜሮ ሞልታ ሦስት ሦስት አሃዝ አደረገችው። 12.0.0.5 የውጭ አድራሻ ስለሆነ ማለፍ አለበት። እሷ የጻፈችው 012.000.000.005 ብላ ነው። ማጣሪያው አሳለፈው። ከዚያ የሒሳቡ ኮምፒውተር የሚደርሱትን ጥያቄዎች የሚጽፍበትን መዝገብ ከፍታ፣ «ጋሼ፣ ይህ ጥያቄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ። የዚያ ኮምፒውተር አድራሻ 10.0.0.5 ነው። ከሰርቨራችን የሄደው ጥያቄ ከነሰዓቱ፣ ከነደቂቃው ተመዝግቦ ተቀምጧል። ክው አልኩ።

ያንኑ አድራሻ በዜሮዎቹ እንዳለ ለፒንግ፣ አንድ ኮምፒውተር መልስ ይሰጥ እንደሆነ ለሚሞክረው ትእዛዝ፣ ሰጠሁት። የሰርቨራችን ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ በቅንፍ ውስጥ 10.0.0.5 ብሎ መለሰልኝ፤ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሲ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በወረደ ልማድ፣ ከፊቱ ዜሮ ያለበት ቁጥር በስምንት መሠረት ይነበባል። 012 ማለት አንድ ስምንትና ሁለት ነው፤ 10 ይሆናል። ፓይተን ግን ዜሮዋን ጥሎ 12 ብሎ አነበበ። የተፈተሸው አንድ አድራሻ፣ የተገናኘነው ከሌላ ጋር።

የሚቆጨኝ፣ ፓይተን ቀድሞ እንዲህ ያሉ አሻሚ ቁጥሮችን አልቀበልም ይል የነበረ መሆኑ ነው። ጥበቃው በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው የፓይተን እትም 3.8 ላይ ተወገደ። ክፍተቱ በታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች ዝርዝር ሲ.ቪ.ኢ-2021-29921 ተብሎ ተመዘገበ፣ በ3.9.5 ተዘጋ። እኛ 3.9.2 ላይ ነበርን።

ፓይተንን አሻሽዬ ጨረስኩ ስል ተለማማጇ 167772165 ብላ ሞከረች። ይህም 10.0.0.5 ነው፤ አራቱ ክፍሎች አንድ ቁጥር ሆነው። አሁንም አለፈ። ይህኛው የፓይተን ጥፋት አልነበረም፣ የእኔ ነው። ሞጁሉ «አድራሻ አይደለም» ሲለኝ፣ «እንግዲያው የድረ ገጽ ስም ነው» ብዬ አሳልፈው ነበር። ስምንም ቢሆን ባለቤቱ ወደፈለገው የውስጥ አድራሻ ሊያመለክተው ይችላል።

ማጣሪያውን ከሥሩ አፍርሼ ሠራሁት። አሁን የተጻፈውን አልፈትሽም። መጀመሪያ ሊኑክስ ራሱ አድራሻውን ወይም ስሙን ወደ ትክክለኛው ቁጥር ይፈታዋል፣ የተፈታውን እፈትሻለሁ፣ የምገናኘውም ከዚያው ከተፈተሸው ጋር ብቻ ነው። ስሙን ደግሜ አላስፈታም፣ በመካከል ሊቀየር ይችላልና። «ወደ ሌላ ገጽ ሂድ» የሚል መልስ ከመጣም ፍተሻው እንደገና ይጀምራል። የሒሳቡንም ኮምፒውተር ከዚያ ሰርቨር ምንም እንዳይቀበል በፋየርዎል (የመረብ ግንኙነትን በሚከለክል መከላከያ) ዘጋሁት።

ለሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን ነገርኳቸው። «ሰው ገብቷል?» አሉኝ። የሦስት ወር መዝገብ አብረን አገላበጥን፤ ከራሳችን ሙከራ በቀር ምንም አልነበረም። ያች ሰንጠረዥ አሁንም ከነዜሮዎቿ አለች፤ ፕሮግራሙን በነካን ቁጥር መጀመሪያ የምንፈትሽበት በእሷ ነው።