አቮካዶውን ያደረቅኩት ውሃ እያጠጣሁ ነው

ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ ሦስት የአቮካዶ ዛፎች ነበሩ። ሁለቱን አባቴ ነው የተከላቸው። ሦስተኛውን ማን እንደተከለው አይታወቅም፤ የተጣለ ፍሬ በቅሎ ይሆናል።

ጣጣው የመጣው ለኪራይ ብለን ሰርቪስ ቤት በሠራን በዓመቱ ነው። ከሰርቪሱ አጠገብ ያለው ትልቁ ዛፍ ቅጠሉ እያነሰ፣ ቀለሙ እየገረጣ መጣ። ቀትር ላይ ጥውልግ ይላል። በዚያው ዓመት ደግሞ ፍሬው ለጉድ በዛ፤ ግን እያንዳንዱ እንቁላል ቢያክል ነው። እማዬ «ዘንድሮስ ተባረከ» አለች። ሥሩ የታመመ አቮካዶ ከመድረቁ በፊት እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ከላይ ወደ ታች መድረቅ ጀመረ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ጎማ ዘርግቼ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ሲብስበት ጨመርኩለት። የእርሻ መድኃኒት ቤት ሄጄ ስናገር ሻጩ ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ሰጠኝ። እሱንም ረጨሁ። ማንኮዜብ ግን ቅጠል ላይ የሚቀር መድኃኒት ነው፤ ወደ ሥር አይወርድም። እንዲያው ብሬን ቅጠል ላይ ስረጭ ከረምኩ።

ያዳነኝ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ጎረቤታችን ናቸው። ቅጠሉን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «አካፋ አምጣ» አሉኝ። ከግንዱ ራቅ ብለው፣ የቅርንጫፉ ጥላ የሚያልቅበት ጋ አንድ ስንዝር ያህል ቆፈሩ። አፈሩን ጨበጥ አድርገው መዳፋቸውን ሲከፍቱ እንደ ሊጥ ተጨብጦ ቀረ። ከውስጡ ቀጫጭን ሥሮች ለቅመው አሳዩኝ። ጥቁር ናቸው። በጣት ሲነኩ እንደ ከሰለ ጭድ ቅንጥስ ይላሉ። ከዚያ ደህና ወደሆነው ዛፍ ሄደው ቆፈሩ፤ የዚያኛው ሥር ነጣ ያለ፣ ሲያጥፉት የማይሰበር።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዛፍ መች ጠማው? መጠጫው ነው የበሰበሰው» አሉኝ።

የሥር አበስብስ ነው። አምጪው ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ ይባላል። ሰው ፈንገስ ይለዋል፤ ሳይንሱ ግን ለአልጌ ዘመድ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 ሱማትራ ደሴት ላይ በቀረፋ ዛፍ ላይ ስለተገለጸ ስሙም ከቀረፋ የመጣ ነው። የዘሩ ብናኞች ጭራ አላቸው፤ በውሃ በራሰ አፈር ውስጥ እየዋኙ ሥር ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ በቀን ሁለቴ መዋኛ እሞላላቸው ነበር።

ግን ጎማው ብቻ አልነበረም። እኚሁ ሰውዬ ቀና ብለው የሰርቪሱን ጣሪያ አዩ። አሸንዳው! የክረምቱን ዝናብ በሙሉ ሰብስቦ የሚያፈሰው ዛፉ ሥር ነው። አሸንዳውን የገጠምኩት በገዛ እጄ ነው።

በማግስቱ አሸንዳውን ወደ በርሜል አዞርኩት፤ የሚተርፈው ውሃ ወደ ውጭ እንዲወጣ ቦይ ቀደድኩ። ዛፉ ሥር የነበረውን የጎመን መደብም ተውኩት። የአቮካዶ መጋቢ ሥር ከላይ ከላይ ስለሚሄድ፣ ጎመን በኮተኮትኩ ቁጥር የምቆርጠው እሱን ነበር። ከዚያ የቡና ገለባና የረገፈ ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል ጎዘጎዝኩ፤ ግንዱን ግን አላስነካሁም። ጉዝጓዙ ሲበሰብስ የሚባዙት ደቃቅ ነፍሳት ሴሉሎስን፣ ማለትም የዕፅዋት አካል የሚሠራበትን ነገር፣ የሚፈጭ ነገር ያመነጫሉ። የዚህ በሽታ አምጪ የሕዋሱ ግድግዳም ሴሉሎስ አለበት። ከሁሉም የወደድኩት ይሄንን ነው፤ ገለባው መድኃኒት ቤት ከሸጠልኝ ይሻላል። ለዚህ በሽታ የሚሆነው መድኃኒት ፎስፎኔት የሚባለው ነው፤ ግንድ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። ፈልጌ አጣሁት።

ትልቁ ዛፍ አልተረፈም። ዘግይተናል። ሁለተኛው ግን፣ እሱም መገርጣት ጀምሮ ነበር፣ የደረቀውን ቆርጬ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ግንዱን ኖራ ቀባሁት። በሁለተኛው ክረምት ገለባውን ገለጥ ሳደርግ ነጫጭ ሥሮች አየሁ። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት፤ «ለዚህ ነው የጠራኸኝ?» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

እንዴት ወደ ሁለተኛው ተሻገረ? መቼም እርግጠኛ አልሆንም፤ ግን አካፋዬን እጠረጥራለሁ። ከታመመው ሥር የወጣ ጭቃ እንደተለጠፈበት ነበር ወደ ጤነኛው የምሄደው። አሁን ሳላጥብ አልነካም።

አንድ ሞኝነት ደግሞ ልጨምር። ትልቁ በተነቀለበት ጉድጓድ ወዲያው አዲስ የአቮካዶ ችግኝ ተከልኩ። ስድስት ወር አልሞላውም፣ ደረቀ። በሽታው አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። አሁን እዚያ እንሰት አለ። አዲሱን አቮካዶ ወዲያ ማዶ፣ ከጉልበቴ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ሠርቼ ጫፉ ላይ ተከልኩት፤ ውሃ እንዳይተኛበት። ችግኙንም ስገዛ ከፕላስቲኩ አውጥቼ ሥሩን ካላየሁ አልከፍልም አልኩ። ሻጩ ፊቱን አጠቆረብኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲሷ ተከራያችን ልብስ አጥባ የሳፋውን ውሃ ይዛ ወደ ዛፉ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። «ውይ፣ ምነው? ደርቆ አሳዝኖኝ እኮ ነው» አለች።